ተቀባይ አትደግምም

ይህ ከሁሉ በፊት ይመዝገብልኝ፦ እኔ በሕይወቴ አንድም ቀን ደግሜ አላውቅም። ተቀብያለሁ እንጂ።

የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን የቆዩ መዝሙሮችን በኖታ አሰናድተው መጽሐፍ ሊያወጡ ተነሡ። ከመዝሙሮቹ በአንደኛው ላይ፣ የእኔ ድምፅ በሚገባበት ቦታ፣ ሁለት ነጥብና አንድ ወፍራም መስመር አቆሙና ከላዩ «ሁሉም ይድገም» ብለው ጻፉ። ሁሉም አልነበረም፤ አንዲት ሴት ነበረች። መድገምም አልነበረም። በደሉ ይኸው ነው። ትንሽ ነገር ነው የሚል ሰው ካለ፣ የራሱን ድምፅ በሁለት ነጥብ ቀይረው ያሳዩትና ያን ጊዜ ይናገር።

ይህን በአማርኛ የምጽፈው የመጽሐፉ ኮሚቴ በአማርኛ ስለሚጽፍ ነው። በቤቴ የምናገረው ወላይትኛ ነው፤ መዝሙሩም የወላይትኛ ነው። በደልን ግን የበደለው ሰው በሚያነበው ቋንቋ መጻፍ ይሻላል።

መዝሙሩን ያወጣችው ጎረቤቴ ናት። አሁን በሕይወት የለችም። ከሻንቶ ተድራ መጥታ ከግቢዬ አጠገብ ገባች። በመካከላችን ያለው አጥር አንድ ረድፍ እንሰት ብቻ ስለነበር አጥር ልለው አልችልም። እኔን ልጆቼ ሲያናድዱኝ እሷ ከወዲያ ትስቃለች፤ እሷን ባሏ ሲያናድዳት እኔ ከወዲህ እስቃለሁ። ያን መዝሙር ያወጣችው ተንበርክካ እየጸለየች አልነበረም፤ ጎደሬ እየላጥን ሳለ ነው። «አንድ ነገር መጣልኝ፤ ቶሎ ያዢልኝ» አለችና ጀመረች። እኔ ያዝኩላት። ከዚያ በኋላ በሴቶች ጸሎት፣ በሠርግ ቤት፣ በለቅሶ ቤት እሷ ትመራለች፣ እኔ እቀበላለሁ። ፀጉራችን ጥቁር ሳለ ጀምረን እስኪሸብት ድረስ እንዲሁ ኖርን።

መቀበል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ከባድ እንስራ ከአንዷ ሴት ጀርባ ወደ ሌላዋ ሲተላለፍ አይታችኋል? ሰጪዋ፣ ተቀባይዋ በደንብ መያዟን ሳታውቅ አትለቅም። ለአንድ አፍታ እንስራው በሁለቱም እጅ ላይ ነው። መቀበልም እንደዚያ ነው። መሪዋ የመጨረሻውን ቃል ሳትጨርስ ተቀባይዋ ከሥሯ ትገባለች። ቃሏ ሌላ ነው፣ ዜማዋም ሌላ ነው። መሪዋ ሽቅብ ስትወጣ ተቀባይዋ ቁልቁል ትወርዳለች። ሁለቱ ድምፆች አብረው በሚቆዩባት በዚያች አጭር ጊዜ ነው መዝሙሩ መዝሙር የሚሆነው። እሷ ጨርሳ ዝም ካለች በኋላ ብገባ፣ እንስራው ወድቆ ተሰብሯል ማለት ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ የተቀበልኳት ዱቦ ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለች ነው። በሚኒባስ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ገባሁ። ከእንሰት የምንሠራውን ሙቹዋ ይዤላት ነበር፤ አልበላችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበርና የተኛች መስሎኝ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ በጣም በቀጭኑ ጀመረች። እኔም ሌሎቹን በሽተኞች እንዳልረብሽ በጉሮሮዬ ብቻ ተቀበልኩ። አንዱን ስንኝ አደረስነው። ሁለተኛውን ጀምራ ተወችው። እኔ የምይዘው አጥቼ ቀረሁ።

እሷ ከሞተች በኋላ በሴቶች ጸሎት ላይ ሌላ ሴት መዝሙሩን ልትመራ ሞከረች። ስንኙን ጨርሳ ቆመች። እኔ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። ዝምታው ሲከብዳቸው ሴቶቹ ሁሉ መሪዋ ያለችውን መልሰው አሉት። ደግ ሴቶች ናቸው፤ ቀዳዳውን መድፈናቸው ነው። ከዚያ ልማድ ሆነ። የመዘምራኑ አሠልጣኝ መጥቶ በስልኩ የቀዳው ያንን ነው። ስለዚህ ፍትሕ ከፈለግሁ ለእሱም ፍትሕ ልስጠው፦ ልጁ አልዋሸም። የሰማውን ጻፈ። የሰማው ግን መዝሙሩን አልነበረም፤ እሷ ስትሞት የቀረውን ነበር።

ወረቀቱን የሰጠኝ እሱ ራሱ ነው፤ ከልምምድ በኋላ በአዳራሹ ውስጥ፣ በሁለት እጁ፣ በአክብሮት። ሙዚቃ የተማረ፣ ለስላሳ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ልጅ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ ወላይትኛ የሚጻፍበትን የላቲኑን ደግሞ በኋላ ከልጆቼ መጽሐፍ ለቃቀምኩ። ኖታ ማንበብ አላውቅም። ነገር ግን የእኛ መዝሙር ሁለት ሴቶች ነበሩት፤ በወረቀቱ ላይ የነበረው አንድ ተርታ ብቻ ነው። ይህን ለማየት ትምህርት አያስፈልግም።

«ሁለተኛዋ የት አለች?» አልኩት።

«የቷ ሁለተኛዋ፣ እማማ?»

«ተቀባይዋ።»

ጣቱን በሁለቱ ነጥቦች ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ ናት። ይህ ምልክት መሪው ያለውን ሁሉም ይደግማል ማለት ነው።»

«እንግዲያው በቀቀን አደረግከኝ» አልኩት።

ከኋላው የቆሙት ሴቶች ልጆች ሳቁ። ከእነሱ መካከል ወፍራም ድምፅ ያላት አንዲት ረጅም ልጅ እኛ እኮ ከድሮም እንዲህ ነው የምንዘምረው አለች። የእሷ ድሮ ከጎረቤቴ ቀብር ወዲህ ያለው ነው። አሠልጣኙ አልተቆጣም። ሌላ ድምፅ ካለ አሁኑኑ ብዘምርለት እየሰማ እንደሚጽፈው፣ ግን መጽሐፉ ከዘመን መለወጫችን ከጊፋታ በፊት ወደ ማተሚያ ቤት እንደሚገባ ነገረኝ። ትክክል ነው። ከዚህ በላይ ከሰው ምን ይጠበቃል?

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

እኔ የዚያን ድምፅ እያንዳንዱን እርምጃ አውቃለሁ። ግን ብቻዬን ጀምሬው አላውቅም። የሚያስጀምረው የእሷ ድምፅ ነበር። ይህን ሲረዳ አሠልጣኙ እኔ እመራልዎታለሁ አለና ጀመረ። ድምፁ መልካም ነው። ስንኙን ሲጨርስ ግን ድምፁን ቆረጠና፣ በትሕትና ራሱን ዝቅ አድርጎ ተራው የእኔ መሆኑን አሳየኝ። ጎረቤቴ አንድ ቀን እንኳ ራሷን ዝቅ አድርጋልኝ አታውቅም። የለመድኩት ሊዘጋ ያለ በር ነው፤ ሮጬ ነው የምገባበት። እሱ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ቆመልኝ፤ እኔም ደጃፉ ላይ ደርቄ ቀረሁ። እንደገና መራ፤ እንደገና ቆረጠ። ረጅሟ ልጅ ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ «ረስተውታል» አለች። በጆሮዬ ሰማሁ። ወረቀቱን አጥፌ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩና ወጣሁ።

ቤቴ ስደርስ የዳሞታ ተራራ ጉም እስከ ግቢዬ ወርዶ ነበር። ባሌ ካረፈ ቆይቷል። ልጆቼ ሀዋሳም አሉ፣ አዲስ አበባም አሉ፤ የመጨረሻዋ አርባ ምንጭ ታስተምራለች። የልጅ ልጆቼ በስልክ «አያቴ፣ ምን በላሽ?» ይሉኛል፤ የምበላው ምን እንደሆነ ግን አያውቁትም፣ ቦይናን እንኳ በአማርኛ ጎደሬ ብዬ እየተረጎምኩ ነው የምመልሰው። የጎረቤቴ ቤት ተከራይቷል። ተከራዮቹ ጠዋት ሄደው ማታ የሚመጡ ሰዎች ናቸው፤ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ያልፋሉ። እንሰቶቹ አሁንም በረድፋቸው ቆመዋል። ከወዲያ የሚስቅ የለም።

የመጨረሻዋ ልጄ ወደ አርባ ምንጭ ስትዛወር አንድ አሮጌ ላፕቶፕና ፈተና ታትምበት የነበረውን ፕሪንተር ትታልኝ ሄዳለች። እኔ ሁለቱንም እንደ ሬዲዮ በዳንቴል ሸፍኜ አስቀምጬ ነበር። ያን ቀን ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ረጅሟ ልጅ ሳወራ ሳቀች፤ አፌ እምቢ እንዳለኝ ሳወራ ግን አልሳቀችም። ቀጥላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ ኖታውን አሠልጣኙ በእጁ ነው የሳለው ወይስ በኮምፒውተር ነው የጻፈው? እኔ ምን አውቃለሁ። ራሷ ደውላ ጠየቀችው።

«አዬ» አለችኝ ተመልሳ። ልጆቼ ሁሉ የሚጠሩኝ በወላይትኛው፣ እንደ እናት ነው። «ያየሽው ወረቀት ሥዕል አይደለም። ልጁ የጻፈው ፊደል ነው፤ ፊደሉን ወደ ኖታ የቀየረው ኮምፒውተሩ ነው። ፊደሉ ካለን ከሥሩ ሌላ መጨመር ይቻላል። ራስሽ ትጨምሪያለሽ።»

መዘምራኑም ያላቸው እንደ እኔው አሮጌ ኮምፒውተር ስለሆነ በዚያ ዘዴ ነበር የሚሠሩት። አሠልጣኙ ፋይሉንና ፊደሉን የሚቀይረውን ፕሮግራም በፍላሽ ላከልኝ፤ ይህንንም ለእሱ እመሰክርለታለሁ።

በልጄ ላፕቶፕ ላይ ጣት የሚሳብበት ሰሌዳ ተበላሽቷል። ስለዚህ የሚነካ ሥዕል የለውም፤ ሲከፈት ጥቁር ገጽ ነው፣ ጥግ ላይ አንዲት ነጭ ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች። የሚፈልጉትን በቃል ይጽፉለታል፣ ኢንተርን ይጫኑለታል፣ እሱም ያደርጋል። ልጄ አራት ቃላት በስልክ አስተማረችኝ። አንዱ ፊደሉን ወደ ኖታ ይለውጣል። አንዱ ኖታውን በገጹ ላይ ያሳያል። አንዱ ያዘምረዋል። አንዱ በወረቀት ያትመዋል። ትርጉማቸውን አላውቅም፤ እንደ ሰው ስም ነው የያዝኳቸው። የመጀመሪያውን ጽፌ ኢንተርን ተጫንኩ። ነጯ ጭረት ወደ ታች ወረደችና እንደገና ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

«ምንም አላለኝም» አልኳት።

«ዝም ካለ ተሳክቷል ማለት ነው። የሚናገረው ስትሳሳቺ ብቻ ነው።»

«እንደ አባትሽ ነዋ።»

ስልኩ ውስጥ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። ከዘጋች በኋላ እኔና ጥቁሩ ገጽ ቀረን።

ፋይሉን ስከፍተው ከላይ የመዝሙሩ ርእስ ነበር፤ ከሥሩ የላቲን ፊደላት ተሰልፈዋል። እያንዳንዱ ፊደል አንድ ድምፅ ነው። ትልልቆቹ ወፈር ያለውን ድምፅ፣ ትንንሾቹ ቀጠን ያለውን ይሰጣሉ፤ አጠገቡ ቁጥር ያለበት ፊደል ይረዝማል። ጎረቤቴ ይህች ናት አልኩ ለራሴ። ጎደሬ እየላጠች ያወጣችው፣ ልጆች በሚማሩበት ፊደል ተሰልፎ ተቀምጧል። በየተርታው መጨረሻ ደግሞ ሁለት ነጥብና አንድ የቆመ ጭረት። በደሌን በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በሁለት ጣት ተጭኖ የሚወጣ ነገር ነው።

ማጥፋት እችል ነበር። አሰብኩትም። ግን በቤቴ ብቻዬን ባጠፋው ምን ይጠቅማል? መጽሐፉ ላይ እንዳለ ነው። ደግሞ እኔ ጥሩ አደረግሁ የምለውን ሌላው ሰው ሌብነት ይለዋል። የሰው ጽሑፍ ነው። ባለበት ተውኩት።

በማግሥቱ የሚያዘምረውን ቃል ጻፍኩ። የወጣው ድምፅ የሚያሳፍር ነበር፤ ቀጭን፣ እንደ ወባ ትንኝ፣ ቃል የሌለው፣ ትንፋሽ የሌለው። እሷን በዚያ ድምፅ መስማት አልቻልኩምና አጠፋሁት። ለቀናት አልነካሁትም። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጠዋት ጠፍቶ የዋለው መብራት ሲመጣ፣ ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ ሬዲዮ እንደሚከፍት ሰው ከፈትኩትና ጎደሬዬን ይዤ ተቀመጥኩ። እየላጥኩ ነበር። ሐሳቤ እዚያ አልነበረም። ማሽኑ የመጀመሪያውን ስንኝ ወደ ማብቃቱ ሲደርስ አፌ ገባ።

እኔ አላዘዝኩትም። ራሱ ገባ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ማሽኑ ከስንኙ መጨረሻ ሲደርስ ሁለቱ ነጥቦች መልሰው ወደ መጀመሪያው ይልኩታል፤ ሲመለስ ደግሞ አይተነፍስም፣ አይቆምም፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ አይጋብዝም። እንደ እሷ ጥድፊያ ብቻ ነው። ያ የረገምኩት ምልክት በሩን ሊዘጋብኝ ሲል እኔ ሮጬ ገባሁ። ከስንኝ ወደ ስንኝ ይዤው ሄድኩ፤ ቢላውን በእጄ እንደያዝኩ፣ ጎደሬው ጭኔ ላይ እንዳለ። ዱቦ ላይ የተወችውንም ስንኝ አለፍነው። ከዚያ ማሽኑ ጨረሰ፤ ነጯ ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች። ቤቱ እንደነበረ ነው። አፌ ውስጥ ገና ሙቀት ነበረ። ልማድ ነውና ወደ እንሰቶቹ ዞር ብዬ አየሁ፤ እንዲህ በደንብ በሄደ ቁጥር አንድ ስድብ ትወረውርልኝ ነበር። «አሮጊቷ ዛሬ በልታለች» ትለኝ ነበር። ቅጠሎቹ ብቻ ናቸው የተንቀሳቀሱት።

ከዚያ በኋላ መጻፍ ጀመርኩ። ልጄ፣ ሁለተኛ ድምፅ እንደሚመጣ ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን ምልክት አስተማረችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ፋንታ ነው አለች። አንድ ድምፅ በጉሮሮዬ እይዛለሁ፣ አንድ ፊደል እጽፋለሁ፣ አዘምረዋለሁ። አይደለም። ሌላ ፊደል። አይደለም። ሌላ። እሱ ነው። የላፕቶፑ ባትሪ ስለሞተ መብራት ሲጠፋ ያላስቀመጥኩት ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ አንድ ቀን ከጠዋት የለፋሁበት ተርታ እንዲያ ሄደ፤ የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ስሳሳት ማሽኑ በእንግሊዝኛ ይናገረኛል። እንግሊዝኛውን አላውቅም፤ የመስመሩን ቁጥር ግን አነባለሁ። የት እንዳጠፋሁ ይነግረኛል፣ ምን እንዳጠፋሁ ግን የማውቀው ራሴ ፈልጌ ነው። ሳልሳሳት ዝም ይላል። ከሰው ጋር ስኖር ዝምታን እንዲህ ተመኝቼ አላውቅም። ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተመኝቼ ያገኘሁት ዝምታ ሲመሽ ይከብደኛል፤ ያን ጊዜ አጠፋውና ዳንቴሉን አለብሰዋለሁ።

መጀመሪያ ያተምኩት ወረቀት ላይ የእኔ ተርታ ባዶ ነበር። ልጄ ያስተማረችኝን ምልክት ጽፌ ፊደላቱን ሳልጨምር ነበር የማተሚያውን ቃል የሰጠሁት። ፕሪንተሩ ሲጮህ ቆይቶ ወረቀቱን ወደ አንድ ጎን አጣሞ አወጣው። ላይ የእሷ ኖታዎች፤ ሥር አምስት ባዶ መስመር። ልጥለው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ቢያንስ ቦታዬ ወጥቷል። ግድግዳው ላይ ለጥፌው እያየሁት ነው የሠራሁት።

ሲያልቅ እንደገና አተምኩ። ኖታ ማንበብ አላውቅም ብያለሁ፤ ያን ወረቀት ግን አነበብኩት። የላይኞቹ ነጥቦች ሽቅብ ሲወጡ የታችኞቹ ይወርዳሉ። የላይኛው ተርታ ሳያልቅ የታችኛው ይጀምራል። እንስራው በሁለታችንም እጅ ላይ ያለባትን ቦታ በጣቴ መንካት ቻልኩ።

ወደ አዳራሹ በባጃጅ ሄድኩ። አሠልጣኙ ወረቀቱን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ተጫወተው።  እዚህ ቦታ ላይ ሁለቱ ድምፆች ይጋጫሉ አለኝ፤ ይጋጩ፣ እኛም እንጋጭ ነበር አልኩት። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ የታችኛው ተርታ ከላይኛው በኋላ ተጎትቶ እንደሚቀር ነገረኝ። አይጎተትም አልኩ። ሳይከራከር ተጫወተው። ተጎተተ። አንዱን ድምፅ ከልኩ በላይ አስረዝሜዋለሁ፤ እሱ በጆሮው ያገኘውን እኔ በዚያ ሁሉ ቀን አላገኘሁትም ነበር። እርሳሱን አውጥቶ ርዝመቱን አስተካከለ፤ ትክክል ስለነበረ አመሰገንኩት።

ከዚያ ግን የኮሚቴውን መልስ ሰጠኝ። ኮሚቴው ገጾቹን ዘግቷል፤ ሁለተኛ ተርታ ከተጨመረ ቀጣዩ መዝሙር ይገፋል፤ ለሚቀጥለው እትም ይያዝ። ይህን ሲለኝ ዓይኑ መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ኮሚቴው ያስጠናው ቃል መሆኑን አውቄያለሁ።

«በሚቀጥለው እትም ጊዜ እኔ የለሁም» አልኩት። «ያን ጊዜ የሚያውቀው ማን ነው? ወረቀት ብቻ ነው የሚቀረው። ወረቀቱ ደግሞ አንዲት ሴት ብቻዋን ጮኸች፣ ሕዝቡ ደገመላት ይላል። እሷ ብቻዋን አልነበረችም። ይህን ብቻ አስተካክልልኝ። ስሜን አትጻፈው፤ ቦታዬን ስጠኝ።»

ወረቀቱን ከኪቦርዱ ላይ አነሣው። ከዚያ ፍትሐዊ ነገር ተናገረ። መጽሐፉ እኔ እንድዘምርበት ሳይሆን ሌላ ሰው እንዲዘምርበት ነው አለ፤ ሰምቶት የማያውቅ ሰው ከዚህ ወረቀት ላይ መቀበል ከቻለ ኮሚቴው ፊት ቆሞ ይከራከርልኛል፤ ካልቻለ ግን እኔም እንድተወው። ተስማማሁ። ወረቀቱን ለማን ቢሰጥ ጥሩ ነው? ለዚያች «ረስተውታል» ላለችው ረጅም ልጅ።

መሪውን እሱ በኪቦርዱ ተጫወተ። እንዳይቆምላት ነግሬው ነበርና አልቆመም። ልጅቷ ኖታ ታነባለች፤ ድምፆቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ግን ዘግይታ ገባች። ስንኙ እስኪያልቅ፣ በሩ እስኪከፈትላት ትጠብቃለች። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ዘገየች። ጓደኞቿ ፈገግ አሉ። ጆሮዋ ሲቀላ አየሁ፤ በእኔ ላይ የሆነው በእሷ ላይ እየሆነ ነበር። ልደሰት እችል ነበር። ግን የእሷ መውደቅ የእኔም መውደቅ ነው፤ ተነሥቼ አጠገቧ ቆምኩ።

«ሳትጋበዢ ግቢ» አልኳት። «ባለጌ ሁኚ። ከአፉ ንጠቂው።»

አሁንም ጀመረ። ገባች። ድምፁ ገና ሳያልቅ፣ ከሥሩ፣ በዚያ ወፍራም ድምፅዋ፣ ቁልቁል። የሚጋጩበትም ቦታ ላይ ተጋጩ። አዳራሹ ውስጥ ፈገግ የሚል አልነበረም። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ወሰደችው። እኔ ያን ድምፅ ከውጭ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ ውስጡ ነበርኩ። እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሲጨርሱ አሠልጣኙ የመጽሐፉን ገጽ አወጣና «ሁሉም ይድገም» የሚለውን በእርሳስ ሰረዘው፤ በእኔ ወረቀት ላይ ደግሞ ከአዲሱ ተርታ ራስ «ተቀባይ» ብሎ ጻፈ። እኔ እያየሁ ነው የጻፈው። ለኮሚቴው እኔ እነግራቸዋለሁ፣ ማተሚያ ቤት የሚገባው ይሄ ነው አለ። በኋላ ኮሚቴው መቀበሉንም ሰምቻለሁ፤ ቀጣዩ መዝሙር ተገፍቷል፤ ማንም አልሞተም።

በዚያች ሰዓት ግን ደስታዬ እንዳሰብኩት አልመጣም። ልጅቷ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ «እንደገና እንበለው?» ትላለች። አሠልጣኙ እጁን ኪቦርዱ ላይ አድርጓል። እኔ መካከል ላይ ቆሜያለሁ። የእኔ ድምፅ በሌላ ሰው አፍ ውስጥ ገብቷል፤ እንዲገባ የታገልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ድምፅ ግን የለኝም።

«እኔስ አሁን ምን ልዘምር?» አልኩት።

እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ።

«መሪ የለንም፣ እማማ» አለኝ። «እርስዎ ይምሩ፤ እሷ ትቀበልዎታለች።»